የጋጨብ ዝንብና የብራስልስ ግምጃ ቤት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ፣ በቡናና በኮረሪማ ጥላ ሥር በሚገኙት መንደሮች፣ ሜክቲዛን የተባለው መድኃኒት የሚታደልበት ቀን የደረሰ እንደሆነ ሕዝቡ የሚሰለፈው ምልክት በተሠራበት አንድ ዘንግ ፊት ነው። የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በቁመት ነውና፣ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ሳይወስድ ይመለሳል፤ እስከ 119 የደረሰው አንድ ፍሬ፣ እስከ 140 ሁለት፣ እስከ 158 ሦስት፣ ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ አራት ፍሬ በአዳዩ ፊት ይውጣል፤ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ ሳምንት ያልሞላቸው አራሶች ይቆያሉ። አዳዩም ከዚያው ከቀበሌው የተመረጠ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለ ጤና ፈጠራ ብዙ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ተራ ዘንግ ከብዙ ውድ መሣሪያ አስቀድሞ ሊጠቀስ የሚገባው ይመስለኛል።

ዘንጉን ያስፈለገው ደዌ ኦንኮሰርኪያሲስ ይባላል። እንደ ጋጨብ ባሉት ፈጥነው በሚወርዱ ወንዞች ዳር የምትራባው ጥቁርና ደቃቃ ዝንብ በቀን ብርሃን ሰውን በነከሰች ጊዜ የትል ዘር ታስገባለች፤ እናቲቱም ትል ከቆዳ በታች ተሸሽጋ ከ10 እስከ 15 ዓመት እየኖረች እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ትሎችን ትወልዳለች፤ እነዚህም ቆዳን በእከክ ያሠቃያሉ፣ መልኩን እንደ ነብር ቆዳ ያዥጎረጉራሉ፣ ወደ ዓይን የገቡ እንደሆነም ብርሃንን ይነሣሉ። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ይህ በሽታ መኖሩን በ1939 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የጻፉት የኢጣልያ መርማሪዎች ሲሆኑ፣ በካፋና በሸካ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያካሂደው እደላ የተጀመረው ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ቈይቶ በ2001 ነው። መድኃኒቱን ሜርክ የተባለው ኩባንያ በ1987 በገባው ቃል መሠረት በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ሜክቲዛን ልጆቹን ይፈጃል እንጂ እናቲቱን አይገድልም፤ ስለዚህ እርስዋ በዕድሜዋ እስክትሞት ድረስ ሕዝቡ በያመቱ፣ መንግሥት ደዌውን ከመቈጣጠር አልፎ ለማጥፋት ከቈረጠ ወዲህም በብዙ ስፍራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሊውጥ ግድ ሆኖበታል።

እናቲቱን ትል የሚገድል መድኃኒት መፈለግ እንግዲህ የቤንች ሸኮና የሸካ ሕዝብ ጥያቄ ነው፤ የፍለጋው ገንዘብ ከሚመነጭባቸው ስፍራዎች አንዱ ደግሞ አውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን 2020 በተባለው የምርምር በጀቱ ሄልፕ የሚባለውን የሊቃውንት ማኅበር ሲረዳ፣ ከተመረመሩት መድኃኒቶች አንዱ ቀድሞ ለውሻና ለድመት የትል ማስወገጃ የነበረው ኢሞዴፕሳይድ ሆነ፤ በሕሙማን ላይ የተፈተነውም በጋና ነው። የቀረውና ያልተመለሰው የእኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቡና በሚለቀምበት ወራት ወደ በበቃና ወደ ቴፒ እርሻዎች ከሩቅ አውራጃ የሚመጣውና ለቀማው ሲያልቅ የሚበተነው ሠራተኛ በየትኛው ቀበሌ መዝገብ ተጽፎ፣ በየትኛው ዘንግ ተለክቶ መድኃኒቱን ይውሰድ? የምርምር ማመልከቻ የሚመዝን የአውሮፓ ገምጋሚ ከቤተ ሙከራ ወሬ ይልቅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በደስታ የሚያነብ ይመስለኛል።

የባሕር ማዶ ገንዘብ ለኢትዮጵያ ምርምር አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 የተመሠረተው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ1873 በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ተሕዋሲ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው፤ በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተላለፈ ወዲህ የአገር ሀብት ሆኗል። ከዚህ በተቃራኒ የቆመው አብነት የዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እኒህ ሊቅ በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገረው በቀንድ አውጣ ነውና፣ ነገሩ የደሀ አገር ፈውስ በየጓሮው እንደሚበቅል ያመለከተ ነበር። ሆኖም እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ቅጠልና ፍሬ በታወቁ የውጭ ቤተ ሙከራዎች መርዛማነቱ እንዲመረመር ተጠየቀ፤ ለዚያም ምርመራ የሚሆን ገንዘብ እጅግ ዘገየ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በተቀበሉበት በ1989፣ ግኝቱ ከተገኘ 25 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ጊዜ ለአፍሪካዊ ሊቅ በስሙ ጽፎ የሚወዳደርበት በር ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ያ በር ዛሬ በመጠኑ ተከፍቷል። የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒክ ሙከራ ሽርክና፣ በአጭሩ ኢዲሲቲፒ፣ በ2003 የተቋቋመው በኤች አይ ቪ፣ በሳንባ ነቀርሳና በወባ ላይ ለሚደረግ ምርምር ነበር፤ በ2014 በተጀመረው ሁለተኛው ዘመኑ የተዘነጉትን የቈላ በሽታዎች ጨመረ፤ ኢትዮጵያም በዚያ ዘመን በአባልነት ገብታ ከአውሮፓውያኑ ጋራ በአንድ ጉባኤ ተቀመጠች። ሦስተኛው ዘመን በ2021 ሲቋቋም ኅብረቱ እስከ 800 ሚሊዮን ዩሮ ለማውጣት ቃል ገብቷል። ይህም እስከ 2027 ለሚዘልቀው ለሆራይዘን ዩሮፕ በመጀመሪያ ከተመደበው 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ጋራ ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ከዚያ ከትልቁም ቢሆን የኢትዮጵያ ተቋም ተካፋይ ለመሆን ሕጉ ይፈቅድለታል።

ሕጉን በአጭር ቃል ለማስረዳት፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሦስት ነጻ ተቋማት ማኅበር ይገባሉ፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዱ የኅብረቱ አባል ከሆነ አገር፣ ሌሎቹ ሁለቱም ከአባል ወይም በፕሮግራሙ ከተባበሩ አገሮች መሆን አለባቸው፤ የኢትዮጵያ ተቋም ከእነርሱ ጋራ ይጨመራል። ማኅበሩ የጻፈው ሐሳብ በሦስት ሚዛን ይመዘናል፤ በዕውቀቱ ልቀት፣ በሚያስገኘው ውጤትና በአፈጻጸሙ ሥርዓት። ለያንዳንዱ እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ15ቱ 10 ያላገኘ፣ ወይም በአንዱ እንኳ ከ3 በታች የወረደ ይወድቃል። ያለፈው ሁሉም ገንዘብ አያገኝም፤ በጀቱ እስኪያልቅ ድረስ ከላይ ወደ ታች ይታደላል። የምርምር ሥራ የተፈቀደለት ተቋም ቀጥተኛ ወጪው ሙሉ በሙሉ፣ ለመብራቱ፣ ለጽሕፈት ቤቱና ለመሳሰለው ደግሞ ሩብ ያህል ተጨምሮ ይከፈለዋል።

ለግለሰብ የተዘጋጀ መንገድም አለ። በማሪ ስክሎዶፍስካ ኪዩሪ ስም የሚሰጠው የድኅረ ዶክትሬት ስኮላርሺፕ ወደ አውሮፓ የሚሄደውን አመልካች ዜግነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የዶክትሬት ማዕርግ፣ ከዚያ ወዲህ ከስምንት ዓመት ያልበለጠ የምርምር ልምድና ባለፉት ሠላሳ ስድስት ወራት ውስጥ በሚሄድበት አገር ከዐሥራ ሁለት ወር በላይ አለመኖርን ነው። ስታርታፕ ለሚባሉት ጀማሪ ኩባንያዎች ግን እውነቱን ሳልሸፋፍን መናገር ይሻላል። የአውሮፓ የፈጠራ ምክር ቤት ለአንድ ኩባንያ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ቢሰጥም፣ ተቀባዩ በኅብረቱ ወይም በፕሮግራሙ በተባበሩ አገሮች የተቋቋመ መሆን አለበት፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አይደለችም። ስለዚህ በቴፒ የወባ መመርመሪያ ወይም የጤና መዝገብ የሚሠራ ወጣት ድርጅት በዚያ በር ሲያንኳኳ ከሚከርም፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ በማኅበሩ ውስጥ ተካፋይ ሆኖ ቢገባ ይበጀዋል።

የምርምር ገንዘብ ውድ መሣሪያን ብቻ ይወዳል የሚለውን ግምት የሚያፈርስ ታሪክ ደግሞ ከጎጃም እናገኛለን። ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋራ ባዶ እግር በመገናኘት የሚመጣው ዝሆኔ በዝንብም በትልም አይተላለፍም፤ ይህንንም በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። በኋላም በእንግሊዝ የምርምር ገንዘብ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበት ሙከራ ተካሄደ፤ ለእኩሌቶቹ ወዲያው፣ ለቀሩት ከዓመት በኋላ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ተሰጣቸው። በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ሕክምናውን ቀድመው ያገኙት የሚያስተኛው የእግር ሕመምና ትኩሳት የመጣባቸው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲሆን፣ በሌሎቹ ላይ የመጣው 23.9 ጊዜ ነበር። ሳሙናና ካልሲ ይህን ያህል የሊቃውንት ድካም ይገባቸዋልን የሚል ሰው፣ ያን ሕመም በዓመት ዐራት ጊዜ ያህል መቀነስ በአረም ወራት ለአንድ ገበሬ ምን እንደሆነ ይጠይቅ።

ለአውሮፓ ገንዘብ ማመልከት ለሚሻ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሚቀረው እንግዲህ የቤት ሥራ ነው፤ ይኸውም ተቋሙን በአውሮፓ ኮሚሽን መዝገብ አስገብቶ ዘጠኝ አኃዝ ያለውን መለያ ቍጥር ማውጣት፣ ሒሳቡን በሥራ መዝገብ ሊያስረዳ የሚችል የገንዘብ ሹም ማግኘት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድና፣ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑን ፈቃድ አስቀድሞ ማሰብ፣ በጅማ ወይም በአርማወር ሐንሰን ካሉት ልምድ ካላቸው ሊቃውንት ጋራ መወዳጀት። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ በጽሕፈት ቤቱ ሥራ ላይ መሆኑን በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ሲናገሩ ይሰማል። የማመልከቻው መዝጊያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በብራስልስ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ አምስት ሰዓት ነው፤ ይህም በእኛ በክረምታቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በበጋቸው 12 ሰዓት ይሆናል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ መዝገቡ ራሱ ይዘጋል፤ መብራት ጠፍቶ ነበር ቢባልም የሚሰማ የለምና፣ በቴፒ ያለ ሰው ማመልከቻውን ከሁለት ቀን በፊት ቢልክ ነው የሚሻለው።