ጥቁር ብረት ሁሉ ቀዝቃዛ አይደለም



በአባያ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው አርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ አንድን የቲም ወጣት ራሱን እንዲችል ከሚያደርጉት ሙያዎች መካከል ብየዳና የባጃጅ ጥገና ይገኙበታል። በእነዚህ ሙያዎች የወጣቱ ሀብት እጁ ነው። እጁ በቸልተኝነት ከተቃጠለ ለሥልጠናው የወጣው ሶደቃ የታሰበለትን ፍሬ ሳያፈራ ሊቀር ይችላል።

የሚንበለበል እሳትን ሁሉም ይጠነቀቀዋል፤ ተለማማጁን የሚያታልለው ቀዝቃዛ መስሎ የተቀመጠው ብረት ነው። ብረት ቀልቶ መታየት የሚጀምረው ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ቀልቶ አይታይም። የሰው ቆዳ ግን በ60 ዲግሪ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በጥልቀት ይቃጠላል፤ በ70 ዲግሪ አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ስለዚህ አሁን የተበየደ ቁራጭ፣ ገና ከመንገድ የገባ ባጃጅ ማርሚታ፣ ከሶኬት የተነቀለ ካውያ ሁሉም እንደ ጋለ ሊቆጠሩ ይገባል።

ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። ትኩስ ብረት የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ይለይ፤ በላዩም «ትኩስ» ተብሎ በጠመኔ ይጻፍ። ብረቱ በእጅ ሳይሆን በጉጠት ይነሣ። በያጁ የቆዳ ጓንትና የጥጥ ልብስ ይልበስ፤ ናይለን ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃልና። የጋለ ራዲያተር ክዳንም ሳይቀዘቅዝ አይከፈት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳገራላቸውና ገላን ከጉዳት የሚጠብቅ ጥሩር መሥራትን እንዳስተማራቸው ቁርኣን ያወሳል። የብረት ሙያ ገላን ለመጠበቅ ከዋለ፣ የሙያተኛው ገላ ሳይጠበቅ መቅረቱ አይገባም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ አሠሪውም የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

አደጋው ከደረሰ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። እብጠት ሳይጀምር ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይነቀል። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን አፍኖ ከማስቀረቱም በላይ ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን ይገባል። እጅ፣ ፊት ወይም መገጣጠሚያ ከተቃጠለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፤ በወቅቱ ያልታከመ የእጅ ቃጠሎ ጣቶቹን አኮማትሮ ሊያስቀር ይችላልና። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይም እዚያው ይጠየቅ።

ውድ ለጋሾች! ለየቲም የብየዳ ማሽን ስትገዙ ጓንቱን፣ የፊት መከላከያውንና የቆዳ ሽርጡን ከዋጋው ጋር አብራችሁ አስቡ። አሳዳጊዎችም ልጁን ለጌታው ከማስረከባችሁ በፊት እነዚህ መኖራቸውን ጠይቁ። የቲምን መንከባከብ ሆዱን ከመሙላት አልፎ እንጀራ የሚያገኝበትን እጅ መጠበቅም ነው።

አላህ መልካም ሥራችሁን ይቀበላችሁ፤ የቲሞቻችንንም ከአደጋ ሁሉ ይጠብቅልን። አሚን።