ከሕንፃ ነዳፊነት ወደ ከተማ ፕላን አውጪነት

በግቢያችን ስለ ወደፊት ሥራችን ስንጫወት፥ «አርኪቴክት አንድ ቤት ይነድፋል፤ የከተማ ፕላን አውጪ ብዙ ቤት ይነድፋል» ሲባል እንሰማለን። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ግንብ አሠራር ብዙ አናውቅም፤ ሆኖም ልዩነቱ የቍጥር ብቻ አይመስለንም። ለዚህም የእንግሊዛዊውን የሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢን ታሪክ ምስክር እንጠራለን። የአዲስ አበባንም ፕላን አውጥተዋልና ለእኛ ባዕድ አይደሉም።

አበርክሮምቢ በ1879 ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በወጣትነታቸው ማንቸስተር ከአንድ አርኪቴክት ቢሮ ገብተው ሙያውን በሥራ ላይ ተማሩ። በ1907 በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ክፍል ረዳት አስተማሪ ሆኑ፤ በ1910 ስለ ከተማ ፕላን የሚጽፍ መጽሔት ሲጀመር አዘጋጁ እሳቸው ነበሩ፤ በ1915 በዚሁ ትምህርት ፕሮፌሰር ተባሉ። ወደ አዲሱ ሙያ የገቡት በማስተማርና በመጻፍ በር ነው ማለት ነው።

አርኪቴክት የሚያዝዘው ባለቤት አለው። ባለቤቱ ስንት ክፍል እንደሚፈልግና ስንት ብር እንዳለው ይነግረዋል፤ ካልወደደውም ንድፉን ይመልስበታል። ፕላን አውጪን ግን የሚቀጥረው መንግሥት ወይም ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በፕላኑ ውስጥ የሚኖረው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ሰዉ የት እንደሚኖር፥ የት እንደሚሠራ፥ በምን እንደሚጓዝ ማጥናት አለበት። ይህን አካሄድ ያስፋፉት ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዴስ በሙያቸው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ። (የአርት ፋኩልቲ ልጆች ከዚህ ጥቂት ተስፋ ብናገኝ አይፈረድብንም።)

ግን ጥናት ብቻውን አይበቃም። አበርክሮምቢ በ1944 ለሎንዶንና ለአካባቢዋ ባወጡት ፕላን፥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከተጨናነቀችው ከተማ ወጥቶ በውጭ እንዲሰፍር ሐሳብ አቀረቡ። ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ስቲቨኔጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1946 ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ነገሩን ሊያስረዱ ሲሄዱ ነዋሪው በጩኸት ተቀበላቸው፤ በባቡር ጣቢያውም የከተማይቱ ስም በሩስያ ከተሞች አምሳል «ሲልኪንግራድ» ተብሎ ተለጥፎ ታየ። ሎንዶን ውስጥ በጥበት ለሚታፈነው ሰው መልካም የሆነው መስመር፥ ለስቲቨኔጅ ሰው ቤቱንና እርሻውን የሚያስለቅቅ ነበረ።

በአዲስ አበባ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በ1956 የቀረበው ፕላን የቀለበት መንገዶችንና የየራሳቸው አገልግሎት ያላቸውን ሰፈሮች ቢያቅድም፥ አብዛኛው በወረቀት ላይ ቀረ። የከተማው መሬት ያን ጊዜ በጥቂት ባለርስቶች እጅ መሆኑ አንዱ እንቅፋት ይመስለናል። በ1975 የከተማ መሬት የመንግሥት ሆነ። ይህ እንቅፋት ሲነሣ ግን የስቲቨኔጅ ጥያቄ ወደ እኛ መጣ፤ በ2024 በኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ልደታ ካለው የሕንፃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ከተማ ፕላን የሚዞር ጓደኛችን፥ የቤት ሥራው የሚጀምረው በሰው ደጃፍ ነው። «እማማ፥ ዕድርዎ ከየትኛው ሰፈር ሰዎች ጋር ነው? ጉልቱስ ምን ያህል ይርቃል? ከዚህ ቢነሡ ልጅዎ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ታክሲ ይለውጣል?» መልሱን በደብተር የሚይዝለት ሰው ቢፈልግ፥ ከእኛ ፋኩልቲ አያጣም።