በእጅ አንጓ ወደ አንጎል

ገናሌና ዳዋ በሚገናኙባት ዶሎ ኦዶ የአንጎል አንጂዮግራፊ የሚሠራበት ክፍል የለም። ነገሌ ቦረናም የለም። የአንጎሉ ደም ሥር አብጧል ወይም ፈንድቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ሪፈር ተጽፎለት፣ በፊልቱና በነገሌ አድርጎ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ይኖርበታል። ያን ሁሉ መንገድ ለመጣ በሽተኛ ስለ ማሽኑ ብዙ ይነገረዋል፤ ስለ መድኃኒቶቹ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በምርመራው ሰዓት ሰውነቱ የሚሰማው ደግሞ በአብዛኛው የመድኃኒቶቹን ሥራ ነው።

ምርመራው ራሱ እንዲህ ነው። ካቴተር የሚባል ረጅም ቀጭን ቱቦ በደም ቅዳ ውስጥ እየተገፋ አንገት ላይ ይደርሳል። በቱቦው ኮንትራስት የሚባል አዮዲን ያለው ፈሳሽ ይረጫል፤ ፈሳሹ በአንጎል ሲያልፍ ኤክስሬይ በተከታታይ ያነሳዋል። የአንጎልን ደም ሥር በኮንትራስት የማየትን መንገድ የከፈተው ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ሊዝበን ውስጥ። የኮንትራስት ታሪክ ከመጀመሪያው የጎንዮሽ ጉዳት ታሪክ ነበር። ሞኒዝ መጀመሪያ በስትሮንቲየም ብሮማይድ ሞክሮ በሽተኛ ስለሞተበት ወደ አዮዲን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያገለገለው ቶሮትራስት ጨረር አመንጪ ሆኖ ተገኘና ብዙዎችን ከዓመታት በኋላ ለጉበት ካንሰር ዳረገ። የዛሬዎቹ ኮንትራስቶች ከእነዚያ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም።

ቱቦው ለረጅም ጊዜ የሚገባው በብሽሽት በኩል ነበር። የሞንትሪያሉ ሐኪም ሉሲየን ካምፖ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ምርመራን በእጅ አንጓ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ የአንጎል ሐኪሞችም ተከተሉት። በብሽሽት የተሠራለት ሰው ለሰዓታት በጀርባው መተኛት አለበት። በእጅ አንጓ የተሠራለት ግን ወዲያው ተነስቶ ይቀመጣል፤ ሽንት ቤትም ይሄዳል።

ችግሩ የደም ቅዳው ቅጥነት ላይ ነው። በአውራ ጣት በኩል የልብ ምት የሚቆጠርበት ይህ ቧንቧ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሴቶች ደግሞ ይብሱን ይቀጥናል። ባዕድ ነገር ሲገባበት ይኮማተራል፤ ቱቦውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ያማል። መድኃኒቶቹ የሚመጡት ለዚህ ነው። ቆዳው በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም ቬራፓሚል፣ አንዳንዴም ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ግራም ናይትሮግሊሰሪን፣ በዚያው በገባው አጭር ቱቦ ይሰጣል።

ቬራፓሚሉ ያቃጥላል። ቃጠሎው ከአንጓ ተነስቶ በክንድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳይነገረው የደረሰበት ሰው ደንግጦ እጁን ይስባል፣ እጁን ሲስብ ደግሞ ቧንቧው የባሰ ይኮማተራል። ቃጠሎው ብዙውን ጊዜ ከደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። ልምድ ያለው ሐኪም መድኃኒቱን በያዘው ሰፊ ሲሪንጅ የበሽተኛውን ደም ይስባል፣ ደሙና መድኃኒቱ ሲቀላቀሉ ቀስ አድርጎ መልሶ ይገፋዋል፤ በዚህ ቃጠሎው ይቀንሳል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መምጣት ያለበት ቃል ነው እላለሁ። ከዶሎ ኦዶ የመጣው ሰው ሶማሊኛ ተናጋሪ ከሆነ፣ አስተርጓሚው «አሁን ክንድህን ያቃጥልሃል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እንዳትንቀሳቀስ» የሚለውን መርፌው ሳይገባ ሊነግረው ይገባል።

ሁለቱም መድኃኒቶች የደም ግፊት ያወርዳሉ። በልብ ምርመራ ላይ ጥቂት ቢወርድ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ስትሮክ የያዘው ወይም የአንጎል ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ግን ግፊቱ ሲወርድ አንጎሉ የሚያገኘው ደም ያንሰዋል። ናይትሮግሊሰሪን ራስ ምታትም ያመጣል። አኑሪዝም (ያበጠ የአንጎል ደም ሥር) ላለበት ሰው አዲስ ራስ ምታት የመድኃኒቱ ይሁን የደም መፍሰስ ቶሎ መለየት አለበት፤ ስለዚህ ራሱን ሲያመው ችሎ ዝም ማለት የለበትም። ቧንቧው እንዳይደፈን የሚሰጠው ሄፓሪን ደግሞ ደም ያቀጥናል፤ ቅርብ ጊዜ አንጎሉ ውስጥ ለደማ ሰው ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ሐኪሞቹ ለብቻው መዝነው ይወስናሉ።

ኮንትራስቱ ሲረጭ ፊትና ጭንቅላት ይሞቃል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፤ በሰከንዶች ያልፋል። ማሳከክ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የጉሮሮ መታፈን ግን አለርጂ ነው፤ ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት። አልፎ አልፎ ዓይን ለጊዜው ይጋረዳል ወይም ሰውየው ይቃዣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል።

ከምርመራው በፊት በሽተኛው በፌስታል ይዞት የመጣው መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘርገፍ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ቬራፓሚል ሲጨመርበት የልብ ምቱ ከልክ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ቪያግራ የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን ቢሰጠው ግፊቱ አደገኛ ሆኖ ይወርዳል፤ ቤተሰብ ፊት ማውራት ስለሚያሳፍር ሐኪሙ ለብቻው ሊጠይቀው ይገባል። ሜትፎርሚን የሚውጥ የስኳር በሽተኛ ኩላሊቱ ደካማ ከሆነ ለ48 ሰዓት ያቆማል። ኤንፒኤች ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ሄፓሪንን የሚያከሽፈው ፕሮታሚን ከተሰጠው ለአለርጂ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ኢንሱሊኑ ራሱ ፕሮታሚን አለበትና። ጫትም ይነገር። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ደም ሥርም ያጠባል።

የቆላው ሙቀት፣ የቀናት መንገድ፣ ከዚያ በላይ የምርመራው ጾም ሲደራረቡ ሰውነት ይደርቃል፤ የደረቀ ሰው ኩላሊት ኮንትራስቱን ለማስወጣት ይቸገራል። በረመዳን የሚመጣ ሰው በሽተኛም መንገደኛም በመሆኑ ጾሙን በሌላ ጊዜ ማውጣት እንደሚፈቀድለት ያውቀዋል። ውኃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ምርመራው ሲያልቅ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ አንጓው ላይ ይታሰርና ቀስ በቀስ ይተነፍሳል። በማግስቱ አውቶቡስ ለመሳፈር መቸኮል አልመክርም። የኮንትራስት ሽፍታ እስከ ሳምንት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፤ ቱቦው በገባበት እጅ ጀሪካን ማንሳትም ለጥቂት ቀናት ይቅር። በመንገድ ላይ ክንዱ ከተወጠረ፣ ሕመሙ እየባሰ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ወይም አንጓው ከደማ፣ ቦታውን በጣት አጥብቆ ይዞ ሐዋሳም ሆነ ነገሌ በቅርብ የሚገኘው ሆስፒታል መውረድ ነው። እዚያ የሚቀበለው ሐኪም ምን መድኃኒት በምን መጠን እንደተሰጠው ማወቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲወጣ የሄፓሪኑና የኮንትራስቱ ስምና መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቆ ይያዝ።