የተገለጠ ጥግ ያተርፋል ወይስ ያከስራል?

በብሮሹር ወይም በበራሪ ወረቀት ላይ የፎቶግራፉ የታችኛው ጥግ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለጥ ብሎ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ ሲል ያላየ ነጋዴ አይገኝም። ወረቀቱ አልታጠፈም፤ የኮምፒውተር ሥራ ነው። አንባቢ «ከሥሩ ምን አለ?» ማለቱ ስለማይቀር ማስታወቂያ ሠሪዎች ይወዱታል።

ይህ ውበት ግን በነፃ አይገኝም። የጋዜጣ ማስታወቂያ ዋጋ የሚወጣለት በሚይዘው ቦታ ልክ ነው። ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማስታወቂያ 200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 4 በ4 የሆነ ጥግ ቢገለጥ 16 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከተከፈለበት ቦታ 8 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ከሥሩ ባዶ ነጭ ብቻ ከታየ ገንዘቡ ባከነ። ቅናሹ ወይም ስልክ ቁጥሩ እዚያ ከተቀመጠ ግን ጥጉ ኪራዩን ከፈለ።

ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ገጽ የሚገልጥ ትእዛዝ አልነበረውም። በዚያው አሥርት ዓመት ካይስ ፓወር ቱልስ የተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ሥራውን በአንድ ትእዛዝ አቀለለው። ሁሉም እጅ ሲገባም ብርቅነቱ ቀረ። ዛሬ በፎቶሾፕ የሚሠራ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጨመረው «ዋርፕ» ጥጉን ወደ ውስጥ ይስብና ጥላውን በሌላ ሌየር ላይ ለብቻው ይሠራል። ክፍያ የማይጠየቅበት ጂምፕ ደግሞ «ፔጅ ከርል» የሚባል የተዘጋጀ ፊልተር አለው። ከአራቱ ጥጎች የትኛው እንደሚገለጥና ጥላ ይኑረው አይኑረው ያስመርጣል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ ውድ ሶፍትዌር አይገዛም።

አሠሪው «ይታተም» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከት። አንደኛ፣ ሥራው በፎቶው ቅጂ ላይ ይሁን። የተገለጠው ጥግ ከፎቶው ላይ ስለሚነሳ፣ ዋናው ፋይል ካልተቀመጠ ነገ ሐሳብ ሲለወጥ መመለሻ የለም። ሁለተኛ፣ ጥላው ከፎቶው ብርሃን ጋር ይስማማ። በፎቶው ላይ ብርሃኑ ከግራ እየመጣ የጥጉ ጥላ ወደ ግራ ከወደቀ ሥራው የውሸት መሆኑ ያስታውቃል። ሦስተኛ፣ የፎቶው ጥራት ይለካ። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይጠየቃል። ወርዱ 600 ነጥብ ብቻ የሆነ ፎቶ በዚህ ልክ ሲታተም ከ5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ጥጉ ቢያምርም ዕቃው ደብዝዞ ይወጣል።

ስህተት በስክሪን ላይ እያለ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በሺህ ቅጂ ከታተመ በኋላ ግን የወረቀቱም የቀለሙም ሒሳብ የአሠሪው ነው። ከሥሩ የሚነገር ነገር የሌለው ገጽ ደግሞ ባይገለጥ ይሻላል።