ሥራው ምንድን ነው? መቼ ያልቃል? በስንት?
(ከግል ባለሙያ ጋር ስለሚደረግ ውል)

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውል ነው። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ፤ በኋላ አብረን የምንጽፈው አለ።

አንዲት እናት ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው እንበል። 6 ጠረጴዛና 12 አግዳሚ ወንበር ፈልገው የሰፈሩን አናጢ ጠሩ። «ሥራልኝ» አሉት። «እሺ እማማ፣ ችግር የለም» አለ። ገንዘብ ተሰጠ፤ ወረቀት ግን አልተጻፈም። ወር አለፈ። እሳቸው «ዋንዛ ነው ብለኸኝ ነበር» ይላሉ፤ እሱ «የተነጋገርነው ባሕር ዛፍ ነው» ይላል። «መቼ ነው የምታደርሰው?» ሲሉት፣ «ቀን አልቆረጥንም» ይላል። ታዲያ ማን ዋሸ? ምናልባት ማንም አልዋሸም። ሁለቱም የሚያስታውሱትን ነው የሚናገሩት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሻይ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የምትሠራው አስተናጋጅ ተቀጣሪ ናት። የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት አሠሪዋ ይወስናሉ፤ ደመወዟም በወር ነው። እሷን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አናጢው ግን የግል ባለሙያ ነው። በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ያለቀውን ዕቃ ያስረክባል። ይህን ዓይነት ሰው አዋጁ አይመለከተውም። የሱን ጉዳይ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ታዲያ የወር ተቀጣሪን «ኮንትራት ነሽ» ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻውን የግል ባለሙያ አያደርጋትም። ዋናው ነገር በማን ትእዛዝ ሥር ትሠራለች የሚለው ነው።

ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1731 በትክክል የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ ስትዋዋሉ ለራሳችሁ ሕግ እያወጣችሁ ነው ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦

1. የሁለቱ ሰዎች ሙሉ ስምና አድራሻ።
2. ሥራው፦ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ ልኩ።
3. ዕቃውን የሚገዛው ማን ነው? ምን ዓይነት?
4. ዋጋው፣ በአኃዝም በፊደልም።
5. ሥራው የሚያልቅበት ቀን።
6. ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ ምን ይደረጋል?

ስለ ቀብድ ደግሞ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ቀብድንና ቅድሚያ ክፍያን ያደባልቃል። በሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለእንጨት መግዣ ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ከሆነ ግን «ቅድሚያ ክፍያ ነው» ብላችሁ ጻፉት። አንዲት ቃል ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

አሁን አብረን እንጻፍ፦

«እኔ አሠሪ እገሊትና እኔ ሠሪ እገሌ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዋውለናል። ሠሪው 6 የዋንዛ ጠረጴዛና 12 የዋንዛ አግዳሚ ወንበር ሠርቶ እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ያስረክባል። እንጨቱን የሚገዛው ሠሪው ነው። ዋጋው ብር 30,000 (ሠላሳ ሺህ) ነው። ብር 10,000 (ዐሥር ሺህ) ቅድሚያ ክፍያ ዛሬ ተከፍሏል። ቀሪው ብር 20,000 (ሃያ ሺህ) ዕቃው ታይቶ ሲረከቡ ይከፈላል። ሠሪው ቢዘገይ ለያንዳንዱ ቀን ብር 200 (ሁለት መቶ) ይቀነስበታል። የተሰበረ ወይም የተጣመመ ቢገኝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያድሳል።»

ከሥሩ ሁለቱ ይፈርሙ፤ ሁለት እማኞችም ይፈርሙ። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ይሁንና አንድ አንድ ይያዙ። ገንዘብ በተከፈለ ቁጥርም «ተቀብያለሁ» ተብሎ ይፈረምበት።

የመጨረሻው ነገር ዋነኛው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራውን ቢያደርግ፣ በውልና ማስረጃ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም፤ አንቀጽ 1728 እንዲህ ብሎ ይጠብቀዋል። እናንተ ግን አሁን አንባቢ ሆናችኋል። «አላነበብኩትም ነበር» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ስለዚህ ፊርማችሁን ራሳችሁ ጠብቁ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ባዶውን በመስመር ዝጉት። ሠሪው ማንበብ ካልቻለ ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ ከዚያ አብራችሁ ወደ ውልና ማስረጃ ሂዱ። እሱም እንደናንተው የላቡን ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ነው።

የቤት ሥራ፦ ውል፣ ቀብድ፣ እማኝ፣ ቅጂ፣ ርክክብ። እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ። ከዚያ ቤታችሁን ቀለም ሊቀባ ከሚመጣ ሰው ጋር የምትዋዋሉትን ውል በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለጎረቤት አንብቡ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ በደኅና ቆዩ።