በኤንዶስኮፒ ከመመርመር በፊት በሽተኛው ሊያውቀው የሚገባ

ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ የበላሁት አልወርድ አለኝ የሚል በሽተኛ ሐኪም ቤት ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ ኤንዶስኮፒ ይታዘዝለታል። ይኸውም ከጫፉ መብራትና ካሜራ ያለው፣ ከጣት የማይወፍር ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ አስገብቶ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ማየት ነው። የቀድሞው መሣሪያ በደንብ የማይታጠፍ ስለ ነበረ በሽተኛውን እጅግ ያስጨንቅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓ. ም. ግን ባሲል ሂርሾዊትስ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አገር ከቀጫጭን የመስተዋት ክሮች የተሠራ ተጣጣፊ መሣሪያ አስቀድሞ በራሱ ጉሮሮ ሞከረ። ዛሬ ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ነገር ግን ያለ ጉዳት እንዲፈጸም በሽተኛውም የራሱ ድርሻ አለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ባዶ ሆድ መሆን ነው። ከምርመራው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ፣ ቢያንስ ለ2 ሰዓት ደግሞ ውሃ እንኳ መተው ይገባል፤ ትክክለኛውን ሰዓት ሐኪሙ ይወስናል። ይህም ከሃይማኖት ጾም ጋር አንድ አይደለም። ሽሮ የበላ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾሙን አልሻረም፤ ለዚህ ምርመራ ግን በልቷል። በማለዳ የተጠጣ ጠበል፣ አንድ ስኒ ቡና፣ ለሆድ ተብሎ የተቀመሰ ፌጦም እንደ መብላትና እንደ መጠጣት ይቈጠራል። ጉሮሮው በመድኃኒት በደነዘዘ ጊዜ ከጨጓራ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያፍን፣ የሳንባ ምችም ሊያመጣ ይችላልና። ስለዚህ «ወረፋዬ ያልፈኛል» ብሎ የቀመሰውን የሚደብቅ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። ቀጠሮ ቢተላለፍ ሌላ ቀን ይገኛል።

የሚወስደውንም መድኃኒት ሁሉ ይናገር፤ ይልቁንም ደም የሚያቀጥነውን፣ አስፒሪንንና የስኳር በሽታ መድኃኒትን። በገዛ ፈቃዱ ግን አንዱንም አያቋርጥ።

በምርመራው ጊዜ በግራ ጎኑ ይተኛል። ጉሮሮው በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ አንዳንዱም የሚያስተኛ መርፌ ይወጋል። ቱቦው ሲያልፍ ያቅለሸልሻል፤ በሚነፋውም አየር ያስገሳል። ትንፋሽ ግን አይዘጋም፤ የምግብና የአየር መንገድ ልዩ ልዩ ነውና።

ሐኪሙ ለምርመራ ጥቂት ሥጋ ቈንጥሮ ቢወስድ «ነቀርሳ ይዞኛል ማለት ነው» ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ መቈንጠሩም አያምም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ሄሊኮባክተር ፒሎሪ የተባለው ተሐዋሲ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ1982 ይህን ተሐዋሲ አግኝተው የጨጓራ ቍስል ምክንያት መሆኑን ስላስረዱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ተሐዋሲውም በመድኃኒት ይጠፋል።

ከምርመራው በኋላ ድንዛዜው እስኪለቅ ድረስ ምንም አይቀመስም። የሚያስተኛ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ዘመድ ይዞት ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ለ24 ሰዓትም መኪና አይንዳ። የጉሮሮ መከርከር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። ነገር ግን ብርቱ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ ትኵሳት፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ፣ የመተንፈስ ወይም የመዋጥ ችግር ቢታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መመለስ ያስፈልጋል።