የኃይሌ ግራ እጅ

ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም፣ አትላንታ። የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ 24 ዙር አልቆ አንድ ቀርቷል። ፖል ቴርጋት ከፊት፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከኋላው። በመጨረሻው ዙር ኃይሌ ወጣ፤ ቴርጋት ያለ የሌለ ጉልበቱን አሟጦ ተከተለው፣ አልደረሰበትም። ለኃይሌ 27 ደቂቃ ከ07.34 ሰከንድ፣ ለቴርጋት 27 ደቂቃ ከ08.17 ተመዘገበ። በመካከላቸው አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም፤ ጊዜው ግን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ነበር።

ያን ውድድር በቪዲዮ ደግማችሁ ካያችሁት እግሩን ተዉትና ግራ እጁን እዩ። እንደ ቀኝ እጁ አይወዛወዝም፤ ደረቱ አጠገብ ታጥፎ፣ አንድ ነገር እንደያዘ ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። አሰላ አቅራቢያ ካለው የቤተሰቡ እርሻ እስከ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበርና ልጁ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ጠዋት ማታ ይሮጥ ነበር። ደብተሩ ቀረ፣ እጁ ግን እንደታጠፈ ትልቅ ሰው ሆነ። የሩጫ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይህን እጅ «ስህተት» ይለዋል። አንድ ጥንቁቅ አሰልጣኝ በየልምምዱ «እጅህን ዘርጋ! እጅህን እያት!» እያለ ቢነዘንዘው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መልሱን በእርግጠኝነት የሚነግረን የለም። የእንቅስቃሴ ትምህርትን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ግን ስለዚህ «እጅህን እያት» ስለሚለው ትእዛዝ ብዙ የሚሉት አላቸው፤ የሚሉትም ለእኔ ቢጤው አባት አያስደስትም።

እኔ የምኖረው እዚያው አትላንታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለችው ክላርክስተን፣ ሐበሻውም ሌላውም ስደተኛ በሚበዛባት ሰፈር፣ ልጆቻችን ኳስ ይለማመዳሉ። እኛ መስመር ዳር ቆመን እንጮኻለን። «ቁርጭምጭሚትህን አጥብቅ! ጉልበትህን እጠፍ! አትጎንበስ!» ከአሥር ዓመት ልጅ አንድ ምት በፊት ሦስት ትእዛዝ። ልጁ እግሩን ያያል፣ ያስባል፣ ይመታል፤ ኳሷ ወደ መኪና ማቆሚያው ትሄዳለች። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ከጓደኞቹ ጋር ሲቀልድ ግን ያንኑ ምት ማእዘን ላይ ሲያስቆጥር አይቼዋለሁ።

ጋብሪኤለ ቩልፍ የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ይህን ነገር ያስተዋለችው በራሷ ላይ ነው። ነፋስ እየገፋው ውሃ ላይ በሚሄድ ሰሌዳ ስትጫወት ስለ እግሯ ስታስብ ትወድቃለች፤ ሐሳቧን ወደ ሰሌዳው ዘንበል ማለት ስታዞር መታጠፉ ይቀላታል። አጋጣሚ ይሆን ብላ ወደ ላቦራቶሪ ወሰደችው። በ1998 (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ሰዎች የበረዶ ሸርተቴን በሚያስመስል ማሽን ላይ ተለማመዱ። አንዱ ቡድን «በእግራችሁ በምትገፉት ኃይል ላይ አተኩሩ» ተባለ፤ ሌላው «በመንኮራኩሮቹ ላይ በምትገፉት ኃይል»። መንኮራኩሮቹ ያሉት እዚያው እግር ሥር ነው! ልዩነቱ የአንድ ቃል ያህል ነበር። መንኮራኩሩን ያሰቡት የተሻለ ተማሩ፤ እግራቸውን ያሰቡት ምንም ካልተነገራቸው ሰዎች አልበለጡም።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ነገር በጎልፍ፣ በሚዛን መጠበቅ፣ በቅርጫት ኳስ ተሞክሯል። በ2005 በወጣ ጥናት ቅርጫት ኳስ የሚወረውሩ ሰዎች ክንድ ላይ የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ተለጠፈ። የእጅ አንጓቸውን እያሰቡ ሲወረውሩ የክንዳቸው ጡንቻ የበለጠ ሠራ፣ ኳሱ ግን ባነሰ ቁጥር ገባ። ሐሳባቸውን ወደ ቀለበቱ ሲመልሱ ጡንቻው ረገብ አለ፣ ግቡ ጨመረ። ማብራሪያው እንዲህ ነው። ሰውነት ልማድ ያደረገውን ሥራ ከኅሊና በታች ባሉ ፈጣን ሥርዓቶች ያከናውናል። ሰው የራሱን አካል እየተከታተለ ማዘዝ ሲጀምር ኅሊና፣ ያ ዘገምተኛ አለቃ፣ መሪውን ይነጥቃል፤ የማይፈለጉ ጡንቻዎችም አብረው ይጨመደዳሉ። ዓላማው ውጭ ሲሆን ግን አካሉ መንገዱን ራሱ ያበጃል። ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያውን ውስጣዊ፣ ሁለተኛውን ውጫዊ ትኩረት ይሉታል።

ሩጫስ? ሊንዳ ሹከር የምትባል ጀርመናዊት በ2009 ከባልደረቦቿ ጋር ሠልጣኝ ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ በአንድ ፍጥነት አስሮጠች። አንዴ አካሄዳቸውን፣ አንዴ ትንፋሻቸውን፣ አንዴ በቪዲዮ የሚታየውን አካባቢ እንዲያስተውሉ አደረገች። ለዚያው ፍጥነት አነስተኛ ኦክስጅን የፈጁት አካባቢውን ሲያዩ ነው። ይህን ሳነብ ማይክል ክሮውሊ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ትዝ አለኝ። ክሮውሊ ከኢትዮጵያውያን ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ አብሮ ሮጧል። በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ የኛ ልጆች እንጦጦ ጫካ ውስጥ በሰልፍ ሲሮጡ የፊተኛውን እግር መከተላቸው ነው። ዓይናቸው ያለው በራሳቸው ጉልበት ላይ ሳይሆን ከፊት ባለው ሰው ተረከዝ ላይ ነው። የላቦራቶሪ መሣሪያ ሳይኖራቸው ደረሱበት ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አንድ ማስተካከያ ግን አለ። ሞርጋንና ፖሎክ የተባሉ አሜሪካውያን በ1977 እንዳሳዩት ታላላቅ የማራቶን ሯጮች ሰውነታቸውን ረስተው አይደለም የሚሮጡት፤ ሕመሙን፣ ድካሙን፣ የእግራቸውን መክበድ ያለማቋረጥ ያዳምጣሉ። ታዲያ ይህ ከላይ ካልነው ጋር አይጋጭም? ሹከር ራሷ በ2014 ተመልሳ ፈተነችው፤ የሰውነትን አጠቃላይ ስሜት ማዳመጥ ኦክስጅን አላስባከነም፤ ትንፋሽንና ርምጃን ማሰብ ግን አባከነ። ሰውነትን መስማት ሌላ፣ ሰውነትን ማዘዝ ሌላ ነው ማለት ነው። ከኃይሌ አንድ ቀን ቀድማ በዚያችው አትላንታ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ያሸነፈችውን ፋጡማ ሮባን አስቧት። የባርሴሎናዋን አሸናፊ ቫለንቲና የጎሮቫን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጥላ ስትገባ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እንዲህ ያለ ሩጫ አካሉን የማይሰማ ሰው የሚሮጠው አይደለም።

እስካሁን ስለ ዓይን ነው ያወራሁት። ልብ ደግሞስ? ቩልፍ ከሬቤካ ሉትዌይት ጋር በ2016 ባወጣችው ንድፈ ሐሳብ ከውጫዊ ትኩረት ጎን ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል፦ እችላለሁ ብሎ መጠበቅና በራስ ምርጫ መሥራት። ሁለቱ ተመራማሪዎች ብዙ ወረቀት የጻፉበትን ነገር የኛ እናቶች በሁለት ቃል ይሉታል። ልጅ መቆም ሲጀምር «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይባላል። ሲቆም ይጨበጨብለታል፤ ሲወድቅ ዝም፣ ወይም «እሰይ የኔ ጌታ፣ ተነስ» ነው። እናት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ እጇን ዘርግታ ትጠራዋለች። «ጉልበትህ ተንጋደደ፣ ዳሌህን አቅና» የምትል እናት እስካሁን አላየሁም። ልጁ መቼ እንደሚራመድ ራሱ ይወስናል። ይኸው ልጅ ስምንት ዓመት ሞልቶት ኳስ ሜዳ ሲገባ ምን እንደሚነካን አላውቅም፤ ያን ጊዜ የምናየው መውደቁን ብቻ ይሆናል።

ሱዛን ቺቪያኮቭስኪ የተባለች ብራዚላዊት ተመራማሪ ከቩልፍ ጋር ያሳተመችው የ2007 ጥናት «ወፌ ቆመችን» በላቦራቶሪ የፈተነ ይመስላል። ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ ይወረውራሉ። አንዱ ቡድን ስለ ጥሩ ውርወራዎቹ፣ ሌላው ስለ መጥፎዎቹ ይነገረዋል። በማግስቱ ምንም ሳይነገራቸው ሲፈተኑ ስለ ጥሩው የሰሙት በለጡ። በሌላ ጥናት ሯጮች «አሯሯጥህ ቆጣቢ ነው» ተብለው (ንግግሩ በማንም ልኬት ላይ ሳይመሠረት!) የኦክስጅን ፍጆታቸው ቀነሰ። ከዚህ ጀርባ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር አለ ተብሎ ይታሰባል። አንጎል ከጠበቀው የተሻለ ነገር ሲያገኝ ዶፓሚን ይለቀቃል፤ ያ ደግሞ አሁን የሠራውን መንገድ ያጠነክራል። በ2011 የወጣ አንድ ሙከራ የሽልማትን ኃይል በሚገባ ያሳያል። የእጅ ክህሎት ሲማሩ የተሸለሙ፣ የተቀጡና ምንም ያልተደረገላቸው ሰዎች በዕለቱ እኩል ተማሩ። ከ30 ቀን በኋላ ግን ትምህርቱ የጸናው በተሸለሙት ላይ ነበር። ቁጣ ለዛሬ ይሠራ ይሆናል።

ምርጫን በተመለከተ ያለው ውጤት ማመን ያስቸግራል። ጎልፍ የሚለማመዱ ሰዎች የኳሱን ቀለም ራሳቸው ስለመረጡ ብቻ የተሻለ ተማሩ የሚል የ2015 ጥናት አለ። ቢጫ ወይም ነጭ ኳስ ለእጅ ምን ይጨምራል? እኔ እንኳ ተጠራጥሬ ነበር፤ ብቻዬን አልነበርኩም። በ2022 ካናዳውያን ተመራማሪዎች የምርጫ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ፣ ያልተሳኩት ደግሞ ሳይታተሙ የቀሩ ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ የኳስ ቀለም ተአምር ይሠራል ብሎ ለአሰልጣኝ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ኪሳችሁን ያዙ። ስለ ውጫዊ ትኩረት ያለው ማስረጃ ከዚህ ይጠነክራል፣ እሱም ቢሆን ክርክር አላጣም።

ትኩረትም ተነሳሽነትም እግርን አይተኩም። የአትላንታው መም ለአጭር ርቀት ሯጮች የተመቸ፣ ጠንካራ ነበርና ኃይሌ እግሩ ውሃ ቋጥሮ የ5 ሺህ ሜትሩን ትቶ ወጣ። ስታዲየሙ በኋላ የቤዝቦል ሜዳ ሆነ፤ ዛሬ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወትበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ የታጠፈች ግራ እጅ የቀደመችበት መታጠፊያ የቱ ጋ እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉሮሮዬን ሊያመኝ ሲል ጃኬቴን አውልቄ ከጎሉ ጥግ ሰቀልኩና ልጄን፣ «ያቺን ጃኬት ምታት» አልኩት።

«በየትኛው እግር?»

«በፈለግኸው።»

የመጀመሪያዋ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ማንም ሳያዘው ሮጦ አመጣት።